ገሳ የለበሱት የጃፓን መንገደኞች

ትንሿ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአልጋዋ ራስጌ ካለው ግድግዳ ላይ ከቀን መቁጠሪያ የገነጠለችውን አንድ ሥዕል ለጥፋለች። ሥዕሉ ላይ ዝናብ በድንገት ወርዷል። በዳገቱ መንገድ ያሉ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ይጣደፋሉ፤ ገሚሶቹ ወደ ላይ፣ ገሚሶቹ ወደ ታች። ከኋላቸው ያለውን የቀርከሃ ጫካ ነፋስ አጎንብሶታል። ከቁልቁለቱ ሥር የሣር ቤቶች ጣሪያ ብቻ ብቅ ብሏል።

ቀን መቁጠሪያውን ያመጣልኝ ለሥልጠና ጃፓን ደርሶ የተመለሰ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በየወሩ አንድ የጃፓን መልክዓ ምድር አለው። ዓመቱ አልፎ ልጥለው ስል ልጄ ወሰደችው፤ ከየሥዕሉ ሥር የተጻፈውንም እየፈታች አነበበችው። አንድ የነሐሴ ማታ ታዲያ ራት ላይ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ የጃፓን ትልቁ ተራራ ፉጂ ነው። እማማ ቤት ፊት ለፊት ያለው ተራራስ ማን ነው የሚባለው?»

አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ከብት የጠበቅኩት በዚያ ተራራ ግርጌ ነው። ጠዋት ፀሐይ የምትመታውን ጎኑን፣ ማታ ጥላው የሚደርስበትን ድንጋይ ዛሬም አስታውሳለሁ። የፉጂ ከፍታ 3,776 ሜትር መሆኑንም አውቃለሁ። የራሴን ተራራ ስም ግን ከሠላሳ ዓመት የከተማ ኑሮ በኋላ ረስቼዋለሁ። «እማማን እንጠይቃታለን» ብዬ አለፍኩት።

እናቴን የልጅ ልጆቿ ሁሉ እማማ ይሏታል፤ እኛም ከእነሱ ወስደን እንደዚያው መጥራት ከጀመርን ቆይተናል። የምትኖረው ከመካነ ሰላም ከተማ የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ርቃ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት በጠና ታማ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ለሕክምና አድርሰዋታል። እኛ ልጆቿ የሰማነው በማግስቱ በስልክ ነው። ከዚያ በኋላ አራታችን ወንድምና እህቶች ተነጋግረን ቆረጥን፤ ላሚቱ ትሸጣለች፣ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፣ እማማ አዲስ አበባ ትመጣለች። ሄጄ እንዳሳምናት የተላክሁት የበኩሩ ልጅ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ልጄን ይዣት በጳጉሜን መጀመሪያ ተነሣን። እሷም የዝናቡን ሥዕል ከግድግዳው አንሥታ ደብተሯ ውስጥ አስገባችው።

ስለ ሥዕሉ ትንሽ ልንገራችሁ። የሠራው ሂሮሺጌ የሚባል የጃፓን ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1797 እስከ 1858 ኖሯል፤ አብዛኛው ዕድሜው በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። በዚያን ዘመን ዛሬ ቶኪዮ ከምትባለው ከኤዶ ተነሥቶ ኪዮቶ የሚደርስ ቶካይዶ የተባለ ትልቅ መንገድ ነበር። ርዝመቱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ካለው ይበልጣል። በመንገዱ ላይ መንገደኛ የሚያርፍባቸው 53 ጣቢያዎች ነበሩ። ሂሮሺጌ እ.ኤ.አ. በ1833 እና በ1834 ገደማ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሥዕል፣ ለመነሻውና ለመድረሻውም አንድ አንድ ጨምሮ በድምሩ 55 ሥዕሎችን አወጣ። የልጄ ሥዕል ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ጣቢያው ሾኖ ይባላል።

እነዚህ ሥዕሎች ለቤተ መንግሥት የተሠሩ አልነበሩም። በእንጨት ላይ ተቀርጸው በብዛት የሚታተሙ ስለነበሩ ዋጋቸው ከአንድ ሁለት ሳህን የኑድል ምግብ እምብዛም አይበልጥም ነበር። መንገዱን የተጓዘ ሰው ለማስታወሻ፣ መጓዝ ያልቻለው ደግሞ እቤቱ ሆኖ ለማየት ይገዛቸዋል። ሆኩሳይ የሚባለው ሌላው ታላቅ ሠዓሊም ፉጂ ተራራን ከተለያየ ቦታ የሚያሳዩትን ዝነኛ ሥዕሎቹን ያሳተመው በዚሁ ዘመን ነው። ሠላሳ ስድስት ብሎ ጀምሮ አሥር ጨምሮባቸው አርባ ስድስት ደረሱ። አያቶች ልብ በሉ፤ ሰውዬው ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር።

የእኛ ሰዎች ጃፓንን በጉጉት ማየት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጃፓን ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ፋብሪካዋንና መኪናዋን ነው። እኔን በዚህ ጉዞ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ የገዛ መንገዳቸውን፣ ዝናቡንና ጭቃውን ሳይቀር፣ በግድግዳ ሊሰቀል የሚገባው ነው ብለው ማመናቸው።

ደሴ አድረን በማግስቱ ወደ ምዕራብ አቀናን። ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጄ የጃፓኑን መንገድ አስባ ኖሮ ደብተሯን ከፍታ «ጣቢያ አንድ» ብላ ጻፈች። ጣቢያ አንድ ጉጉፍቱ ሆነ። ብርዱ በመስኮት ሲገባ «ባና የተከናነቡ ሰዎች፣ ጭጋግ፣ ፊታቸው የማይታይ በጎች» ስትል መዘገበች። ጣቢያ ሁለት ጊምባ ነው፤ «ገብስ፣ ገብስ፣ ገብስ» ይላል። ጣቢያ ሦስት አቀስታ፤ «እህል የተጫነ አህያ መኪናችንን አላሳልፍ አለ።»

የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ለማያውቅ ሰው አገሩ መጀመሪያ ሜዳ ይመስላል። ገብሱና ባቄላው እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቶ ይሄድና በድንገት መሬቱ ይቆረጣል። ከጫፉ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ሌላ አገር፣ ሌላ አየር ያገኛል። ወንዞቹ ሁሉ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ሰማዩ ሲጠራ ከቦረና ከፍታ ላይ ሆኖ ከዓባይ ሸለቆ ማዶ ጎጃምን ማየት ይቻላል። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ተራ ነገር አይቼ ነው ያደግሁት። ልጄ ግን ከመኪናው ወርዳ ገደሉ አፋፍ አጠገብ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ «ይኼን ማንም አልሣለውም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ መካነ ሰላም እስክንደርስ አልለቀቀኝም። ይህ አካባቢ የመጻሕፍት አገር ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ሲሆን፣ ጋስጫ እዚሁ ቦረና ውስጥ ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ቅዱሳንንና መላእክትን ሲሥሉ የኖሩ አባቶች አሉን። ተራራውንና መንገዱን ለብቻው መሣል ግን ልማዳችን አልነበረም። የእኛ መልክዓ ምድር የኖረው በአፍ ነው፤ በስም። ስሙን የሚያውቀው ሰው ሲሄድ ተራራው እዚያው ይቆማል፤ ግን እንደ እኔ ያለ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚለው ያጣል።

እማማ ቤት የደረስነው በዝናብ ነው። ጫማችን ጭቃ፣ ልብሳችን ውኃ ሆኖ ገባን። ልጄን ከእሳቱ አጠገብ አስቀምጣ በባና ጠቀለለቻት፤ ለእኔ ግን «አንተ እዚያው ተንጠባጠብ» አለችኝ። ቡናው ተፈላ። ልጄ መጀመሪያ ያደረገችው ደብተሯን ከፍቶ ሥዕሉ አለመርጠቡን ማየት ነበር። እማማም እጇን ዘረጋች። ሥዕሉን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አለችና ዓይኗን አጥብባ ብዙ ጊዜ አየችው።

«እነዚህ የየት አገር ሰዎች ናቸው?»

«የጃፓን» አለች ልጄ።

«ውሸት! ገሳ ለብሰዋልኮ።»

ተጠግቼ አየሁ። ስንት ወር ግድግዳዬ ላይ የኖረ ሥዕል ነው፤ እኔ ግን ይህን አላየሁም ነበር። መንገደኞቹ ከትከሻቸው ላይ የደረቡት ከሣር የተሠራ የዝናብ ልብስ ነው። አሠራሩ እንደ እኛው ገሳ ነው፤ ሣሩ ወደ ታች ይደረደርና ውኃው በላዩ እየተንሸራተተ ይወርዳል። እማማ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ገሳ አውርዳ ለልጄ አለበሰቻት። ከውስጡ ፊቷ ብቻ ሲቀር ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ የእማማ ጣት ወደ ሥዕሉ ግራ ሄደና ቆመ። እዚያ ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ሸክም ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። በዚያን ዘመን ጃፓን ውስጥ ገንዘብ ያለው መንገደኛ በእንዲህ ያለ መሸከሚያ ተቀምጦ፣ ተሸካሚ ከፍሎ ይጓዝ ነበር። እማማ ይህን አታውቅም።

«ታማሚ ይዘዋል» አለች ዝግ ብላ። «አዩ፣ ሸፍነውታል፤ ዝናብ እንዳይነካው። እኔንም እንዲህ ነበር።»

ስለዚያ ቀን ከእሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አራት ሆነው ተሸከሟት፤ ሌሎች ደግሞ ሊቀይሯቸው ከኋላ ይከተላሉ። ጭቃው ያንሸራትታል። ጅረቱ ሞልቶ ስለነበር ጎደል እስኪል ከዛፍ ሥር አሳርፈዋታል። ላስቲኩን ነፋስ ሲገልጠው አንደኛው ጎልማሳ ገሳውን አውልቆ ደረበላት፤ እሱ በሸሚዙ ሄደ። «ቃሬዛው ላይ ሆኜ ሰማይ ሰማዩን ሳይ፣ ማን እንደያዘኝ ከእግራቸው ኮቴ ነበር የማውቀው» አለች። ቀጥላም ቀና ብላ አየችኝ።

«ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ። ደጋግ ልጆች ናችሁ፤ መቼም አልረግማችሁም። ግን አዲስ አበባ ብታመም ማን ይሸከመኛል?»

«አምቡላንስ አለ፣ መኪና አለ» አልኳት።

«መኪናማ አለ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። በሦስት ቀን መንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ እዚያው እሳት ዳር ቀረ። እህቴ ማታ ደውላ «እሺ አለች?» ስትለኝ፣ «ገና ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። እህቴ ተቆጣች። «አንተ እዚያ ሽርሽር ላይ ነህ፤ እኛ እዚህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ነፍሳችን ትወጣለች» አለች። እሷም እውነቷን ነው።

በማግስቱ ዝናቡ አባራ። እማማ ዱላዋን ይዛ፣ ልጄ ደብተሯን ይዛ ከፊት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወጣን። ልጄ ጠየቀች፤ እማማም ተራራውን በስሙ ጠራችው። ስሙን ስሰማ ከልጅነቴ አንድ በር የተከፈተ ያህል ሆነብኝ። እማማ ግን በተራራው አላቆመችም። ያ ድንጋይ አያቴ ከገበያ ሲመለስ የሚያርፍበት ነው። ያ ጉብታ ጅብ አህያ የበላበት። ያኛው ማሳ እኔ የተወለድኩ ዓመት ምስር የበቀለበት። ከሩቅ የጠቆረው ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቀው የደንቆሮ ጫካ ነው፤ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ የኖረ ነው ይባላል። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ለእማማ ግን ጫካው ከሁሉ በፊት ከበላዩ ያለው የጓሳ ሣር ነው፤ «ጥሩ ገሳ ከዚያ ነው» አለች። ልጄ በአንድ ጠዋት ሃያ ሦስት ስም ጻፈች። እኔ ከእነዚያ ውስጥ የማውቃቸው ስድስቱን ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ተራራውን እንደ ጃፓኖቹ ማተም እፈልጋለሁ አለች። አሠራሩን ከባልደረባዬ ሰምቼው ነበር። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ ይሥላል። ቀራጩ ያንን ወረቀት በቼሪ እንጨት ጣውላ ላይ በፊቱ ደፍቶ ይለጥፈውና መስመሩን ትቶ የቀረውን እንጨት ይፍቃል፤ ዋናው ሥዕል በዚህ ሥራ ይጠፋል፤ የሚተርፈው ቅርጹ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ጣውላ ይቀረጻል። አታሚው ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ጠንካራ ወረቀት በተራ በተራ እየደፋ፣ ቀለማቱ እንዳይዛነፉ በጣውላው ጥግ ላይ በተቀረጸ ምልክት እያስተካከለ፣ በእጁ ይፈገፍጋል። ሠዓሊ፣ ቀራጭ፣ አታሚ፣ ገንዘቡን የሚያወጣ አሳታሚ፤ አንድ ሥዕል የአራት ሰው ሸክም ነው። በእኛም አገር ጥበቡ እንግዳ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በእንጨት ቀርጾ ማተምን አስተምሯል፤ እንደ ዘሪሁን የትምጌታ ያሉ ሠዓሊዎችም ሠርተውበታል።

እማማ ቤት የቼሪ እንጨት የለም፤ ድንች ግን ሞልቷል። ትልቁን ድንች ለሁለት ሰነጠቅነው፤ ልጄ በእርሳስ ተራራውን ሣለችበት፤ እኔ በቢላዋ ዙሪያውን ፋቅሁት። ለቀለም ከከተማ የገዛነውን የማኅተም ቀለም ተጠቀምን። የመጀመሪያው ተዝረከረከ። ድንቹን በጨርቅ አድርቀን ስንሞክር ሁለተኛው ወጣ፤ ሰማያዊ ተራራ፣ ከሥሩ መንገድ። በቤቱ ውስጥ ጭብጨባ ሆነ። እናንተም እቤታችሁ ብትሞክሩት አደራ የምላችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ድንቹ ይድረቅ፣ ቢላዋውን ትልቅ ሰው ይያዝ።

እማማ የታተመውን ተቀብላ እንደ ትናንቱ ወደ በሩ ሄደች። አገላብጣ አየችው።

«ተራራው እሱ ነው። ሰዎቹስ የት አሉ?»

«የምን ሰዎች?» አለች ልጄ።

«መንገድ ሠርተሻል፤ ማን ሊሄድበት ነው?»

ልጄ ሌላ ድንች አመጣች። በትንሹ አራት ሰዎች ቀረጽን፤ በትከሻቸው ቃሬዛ። እጅ የላቸውም፤ እግራቸውም እንጨት ይመስላል። መንገዱ ላይ ስንደፋቸው ግን ዳገቱን የሚወጡ ሆኑ። እማማ አራቱን በስማቸው ጠራቻቸው፤ ልጄም ከወረቀቱ ጀርባ ስማቸውን ጻፈች። ከአራቱ አንዱ ማታ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ራሱን አየና፣ «እኔን ይኼን ያህል አጠር አድርጋችሁ?» ብሎ አሳቀን። ገሳውን ያወለቀው እሱ መሆኑን የነገረችኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። የሚገባውን ምስጋና ሳልሰጠው ቀረሁ ብዬ በሌሊት ልከተለው ስነሣ፣ «ተቀመጥ፤ ነገም አለ» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ አመሰገንኩት።

ልንመለስ ስንል መፍትሔውን ያመጣችው እማማ ራሷ ነች። «በጋውን እዚሁ ነኝ። ክረምቱን ግን፣ ጭቃው ሲበረታ እነዚህንም ሰዎች እንዳላስቸግር፣ እናንተ ጋ እመጣለሁ። ለመስቀል ትመልሱኛላችሁ። ላሚቱን አትንኩ።» ስልክ ደውዬ ለእህቴ ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ለሚቀጥለው ክረምት መኪና የምከፍለው እኔ ነኝ» አለች። እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

አሁን በልጄ ግድግዳ ላይ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ የሂሮሺጌ ሾኖና የእማማ ዳገት። የእኛውን አራት ቅጂ አትመነዋል፤ አንዱ ባሕር ማዶ ላለው ወንድሜ ደርሷል። ፎቶ እንደሚመስለው ገምቶ ነበር፤ የድንች መሆኑን ሲያውቅ ሳቀ። ከዚያ አገላብጦ ከጀርባው የተጻፉትን አራት ስሞች አነበበና፣ ሦስተኛው አብሮት ከብት የጠበቀ ጓደኛው መሆኑን ነገረኝ።

የተራራውን ስም እዚህ አልጻፍኩትም። ለእናንተ ምንም አይጠቅማችሁም፤ የእናንተም የራሱ ስም አለው። የሚያውቁት አያት አጠገባችሁ ካሉ፣ ዛሬ ቡናው ሳይበርድ ጠይቋቸው።